ቆጠራና ነገራ

ቁጥር ያወጣው ዜማ፣ ዜማ ነውን? ነው ከተባለስ የማን ነው?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ይሁንና አንድ ተማሪ በአንዲት ላፕቶፕ፣ አምስት ሳንቲም ሳያወጣ፣ ቡና እስኪፈላ ሺህ ዜማ ሊያመርት በሚችልበት በዛሬው ጊዜ ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም፤ የሕሊና ነው። ስለዚህ ሳንቸኩል ከሥሩ እንየው።

በሙዚቃ ታሪክ «ሲሪያሊዝም» የሚባል አሠራር አለ። መነሻው ኦስትሪያዊው አርኖልድ ሾንበርግ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሕግ ነው። ሕጉ አጭር ነው። በፒያኖ ላይ፣ አንዱ ዶ ተነሥቶ ሌላው ዶ እስኪደርስ፣ ነጩና ጥቁሩ ተደምሮ 12 ድምፅ አለ። እነዚህን በፈለግኸው ተራ ደርድር፤ 12ቱም ሳይዳረሱ ግን አንዱንም አትድገም። ድርድሩ «ረድፍ» ይባላል። ረድፉን ከመጨረሻው ወደ መነሻው መልሰህ ታነበዋለህ። የሚወጣውን እያወረድህ፣ የሚወርደውን እያወጣህ ትገለብጠዋለህ። ግልባጩንም ወደ ኋላ ታነበዋለህ። አራቱን መልክ ከ12ቱ ድምፆች በፈለግኸው ብትጀምር ከአንድ ረድፍ እስከ 48 መልክ ይወጣል። በአጭሩ፣ አንዱ ድምፅ ባለርስት ሌላው ጭሰኛ የማይሆንበት ሙዚቃ ነው።

እስቲ በራሳችን ቅኝት እንሞክረው። የትዝታን አምስት ድምፆች ከታች ወደ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እንበላቸው። ረድፋችን 1-3-2-5-4 ይሁን። ወደ ኋላ ሲነበብ 4-5-2-3-1 ይሆናል። ሲገለበጥ 5-3-4-1-2፤ ግልባጩ ወደ ኋላ ሲነበብ ደግሞ 2-1-4-3-5። ክራር ያለው ሰው ይሞክራቸው። አንዱ ከሌላው ይልቅ ጆሮ መያዙ አይቀርም። የትኛው እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

ይህን ሥራ ዛሬ ለኮምፒዩተር መስጠት ይቻላል። ሲሳውንድ፣ ሱፐርኮላይደር፣ ፒዩር ዳታ የሚባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ምንጫቸውም ክፍት ነው፤ ማለትም ውስጣቸው የተጻፈውን ትእዛዝ ማንም ሰው ማንበብ፣ መለወጥ፣ ለሌላው ማካፈል ይችላል። «ደርድር፣ ገልብጥ፣ አሰማ» ለማለት ጥቂት መስመር ይበቃል። በአምስት ድምፅ 120 ድርድር ብቻ ይወጣል። በ12 ድምፅ ግን 479,001,600! እያንዳንዱን ረድፍ 10 ሰከንድ እየሰጠ፣ ሌት ተቀን ሳያርፍ የሚያዳምጥ ሰው ቢገኝ እንኳ ለመጨረስ ከ150 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ማምረት ረክሷል፤ ማዳመጥ ግን እንደ ጥንቱ ውድ ነው። ይህችን ነጥብ እንያዛት።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ኧረ ተው! ልብ የሌለው ነገር ዜማ አያወጣም» ይላል። ክርክሩ ሩቅ አያስኬድም። ፈረንሳዊው ፒየር ቡሌዝ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ባሰማው «ስትሩክቹር» በተባለው የፒያኖ ሥራው መክፈቻ፣ የድምፁን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንና ጉልበቱንም በረድፍ ሕግ አስገዝቷል። ረድፉን ራሱን ከመምህሩ ከኦሊቪየ መሲያን ወስዶታል። ኮምፒዩተር አልነበረውም፤ ቆጣሪው እሱው ነበር። በ1957 ደግሞ ሌጃረን ሂለርና ሊዮናርድ አይዛክሰን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢሊያክ በተባለው ኮምፒዩተር ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ሙዚቃ አስወጡ። ማሽኑ በዘፈቀደ ቁጥር ይወረውራል፤ ሕጉን ያላለፈው ይጣላል።

በእኛም ዘንድ ቢሆን ሕግ ልብን አልገደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይሄዳል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳወጡት የሚነገርለት ምልክት፣ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ቃሉን ከላይ ሆኖ ይገዛዋል። ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበት ይህ ሕግ ከጉሮሮው ጋር እስኪዋሐድ ነው። ያንን ዜማ «ልብ የለውም» የሚል ማን ነው?

እንግዲያስ የዜማ ክብር ያለው ከመነጨበት ቦታ ላይ ነው እንበል? ይህም አያዋጣም። ለመሆኑ ትዝታን ማን አወጣው? ስሙን የሚያውቅ የለም። ያም ሆኖ ዘፋኙ ትዝታን ሲያነሣ የራሱን ናፍቆት ያኖርበታል፤ ቢያበላሸው ይታዘቡታል፤ ቢያሳምረው ይሸለማል። ዜማውን እሱ አልፈጠረውም፤ የሚጠየቅበት ግን እሱ ነው።

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ የተቀመጠው ቅኔ ቤት ነው። ከዓባይ ማዶ፣ በዋሸራና በጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ ለብቻው ገለል ብሎ ተቀምጦ ቅኔ ሲያበጅ «ቆጠራ» ይባላል። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ቆጠራ! ጉባኤ ቃና 2 ቤት አለው፤ መወድስ 8 ቤት አለው፤ ልኩ የታወቀ ነው። የትናንቱን መድገምም ነውር ነው፤ ሾንበርግ ይህን ቢሰማ ደስ ባለው። ሥራው ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ተማሪው ያበጀውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ይህ «ነገራ» ነው። መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ይጥላል። «ይህን ቃል ለምን እዚህ አገባኸው?» ሲባል፣ ተማሪው «ቤቱ ስለሞላልኝ ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ኮምፒዩተር ቆጠራ ያውቃል፤ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ነገራ ግን የሰው ዕዳ ነው።

ነገሩ ከቅኔ ቤት ውጭም ያው ነው። ሐሙሲት ስሟ ከሐሙስ ነው። በገበያ ቀን ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ያመጣ ገበሬ ጆንያውን ፈትቶ ያሳያል። ገዢው እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያገላብጣል፤ ጠጠር ቢያገኝ ሻጩን ይጠይቀዋል። «መሬቱ ነው ያበቀለው፣ እኔ ምን አውቃለሁ?» የሚል መልስ ከዚያ ገበያ ያስወጣል፤ ለሚቀጥለው ሐሙስም ፊት አይኖርም። ሩዙን ያበቀለው መሬትና ዝናብ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አበጥሮ ያቀረበው ግን ሰውየው ነው። ሺህ ዜማ አስወጥቶ፣ አንዱንም ሳይሰማ፣ ስሙን ለጥፎ ለሕዝብ የሚለቅ ወጣት ያላበጠረውን እየሸጠ ነው። ለራሱ 10 ሰከንድ መስጠት ያልፈለገበትን ነገር የሌላውን ዕድሜ እየጠየቀበት ነው። ነውሩ እዚህ ላይ ነው እንጂ ማሽን መጠቀሙ ላይ አይደለም።

ስለ መሣሪያው ክፍትነትም አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮግራሞቹ ኖታ በቁጥር ስንሰጣቸው አብዛኛውን ጊዜ 12ቱን ድምፅ እኩል የከፈለውን የፒያኖ ልክ ይከተላሉ። ይህ ልክ ከሰማይ አልወረደም፤ የሰው ውሳኔ ነው። መሰንቆ ግን አንድ ጭራ ነው፤ ማረፊያውን የሚያውቀው የተጫዋቹ ጣት ነው። ምንጩ በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ ይህ ውሳኔ ተሸሽጎ ይኖራል። በተከፈተው ውስጥ ግን ገልጠን እናየዋለን፤ ካልተስማማን የእያንዳንዱን ድምፅ ንዝረት በቁጥር ሰጥተን እንለውጠዋለን። ታዲያ መክፈቱ ዕዳ ያመጣል፤ ማየት የሚችል ሰው «አላየሁም» ማለት አይችልም። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ በሽቦ መቅረጫ ድምፅ እየለወጠ ሙዚቃ የሠራ፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፋና ወጊ ነው። ይህ ሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ሊያስተምር መጥቶ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት በገና፣ ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት የሚጫወቱትን አሰባሰበ። ማሽን የሚያውቅ ሰው ጆሮውን አልጣለም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ሺህ አስወጣ፤ ማንም አይከለክልህም። ከዚያ ተቀምጠህ ስማ። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙን ጣል። አንዱን ይዘህ ሰው ፊት ቁም፤ እንዴት እንዳወጣኸው አትደብቅ፤ «ለምን ይህን?» ሲሉህ መልስ ይኑርህ፤ ሲያርሙህ ስማ። ቁጥር ያወጣው ዜማ፣ ዜማ ነውን? የሚነግረው ሰው ካገኘ፣ አዎ፣ ነው። እስከዚያው ድረስ ቆጠራ ነው።