የባልንጀራን ቤት ማወቅ

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ፋያ ዳዪ» ሐረርንና ዙሪያዋን፣ የጫትንም ሕይወት በጥቁርና ነጭ ያሳየ ዘጋቢ ፊልም ነው። አዘጋጇ ጄሲካ በሽር ሜክሲኮ ተወልዳ ሐረር ያደገች ናት። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከቤተሰቧ ጋር ከአገር ወጣች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሳ ያደገችበትን ምድር በካሜራ ለመቅረጽ አሥር ዓመት ያህል ደከመች። ፊልሙ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንዱ የቪዚዮን ዱ ሬል ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ።

ለአካለ መጠን እየደረሰ ያለ ሁሉ ቢያየው ይጠቀማል።

በፊልሙ ውስጥ አባቱን ጫት የወሰደበት ታዳጊ አለ። ለጫት ቃሚዎች እየተላላከ ይውላል፣ ከአባቱ ጋር ይጋጫል፣ ባሕር ተሻግሮ መሄድን ያልማል። እንዲህ ያለ ልጅ በየሰፈሩ፣ በየክፍሉ አለ። «የቃሚ ልጅ» የሚል ስም ከወጣለት በኋላ ግን እሱ ራሱ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው የሚጠይቀው ይጠፋል። ጓደኞቹ ጨዋታ ይቀንሱበታል፤ ወላጆችም «ከሱ ጋር አትዋል» ይላሉ።

ጫትን ማውገዝና ቃሚውን መናቅ ለየቅል ናቸው። በሐረር ዙሪያ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ስንፍና ይዞት አይደለም። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይለቀማል፣ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል። የተቆረጠ ቅጠል በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉን ስለሚያጣ መልቀሙ፣ ማሰሩ፣ አወዳይ ገበያ ማድረሱና መኪና ላይ መጫኑ ሁሉ በጥድፊያ ነው። ፊልሙ በርጫና ምርቃናን ብቻ ሳይሆን ይህንን ሌሊት ጭምር የሚሠራ ጉልበት ያሳያል። ይህን ያየ ወጣት የአንድን አገር ሰው በጅምላ «ሰነፍ» ለማለት አፉ አይፈታም። ጫት ቤቱን የጎዳበት ልጅ ደግሞ አባቱን ማክበር የአባቱን ልማድ መውረስ ማለት እንዳልሆነ ይወቅ፤ አባቱ የታመመ ሰው ነው፣ እሱም የራሱን መንገድ መምረጥ ይችላል።

ጭፍን ጥላቻ በሃይማኖትና በዘርም ይመጣል። ሐረር ለዚህ መልስ የምትሰጥ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ 82 መስጊዶችን ይዞ በፈረስ መጋላ አደባባይ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንም አለው። ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ ብዙ ልጅም ከአንድ በላይ ቋንቋ እየተናገረ ያድጋል። ሆኖም አብሮ መኖር ብቻውን መተዋወቅ አይሆንም። በአደሬ (በሐረሪ) ቤት ውስጥ አምስት መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ወግ አለው። ይህን ወግ ከመጽሐፍ ይልቅ ጓደኛው ቤት ገብቶ፣ ከእናቱ እጅ በልቶ፣ ከአያቱ ሥር ተቀምጦ የተማረ ልጅ በጎልማሳነቱ በጎረቤቱ ላይ የሚወራውን ክፉ ወሬ በቀላሉ አያምንም። ስለዚህ ወጣቱ በሃይማኖት ወይም በቋንቋ የማይመስለውን ባልንጀራ ቤት ይጠይቅ፤ የራሱንም ቤት ይክፈትለት።

በአንድ ነገር ግን ዝም አይባልም። ጓደኛ እንደ ፊልሙ ታዳጊ ባሕር መሻገር አልሞ «ልሄድ ነው» ሲል፣ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚያሻግር ደላላ አገኘሁ ሲል፣ ምስጢር ጠብቅልኝ ማለቱ አይቀርም። በዚያ መንገድ ጀልባ ተገልብጦበት፣ በበረሃ ውሃ ጠምቶት ብዙ የኢትዮጵያ ልጅ አልቋል። እንዲህ ያለውን ምስጢር መጠበቅ ባልንጀርነት አይደለም። ሳይሰድቡትና ሳያሳፍሩት ከቤት የገፋውን ችግር መጠየቅ፣ ከዚያም የሚያምኑትን ታላቅ፣ መምህር ወይም የሃይማኖት አባት ማማከር ይገባል።

ይህን ያነበበ ወጣት ዛሬ ስሙ የከፋበትን አንድ የክፍል ጓደኛውን አስቦ፣ ነገ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲጠይቀው አደራ ይባላል።