ሥራ የፈታ ማዘጋጃ ቤት የማን ነው?

በእንግሊዝ ብዙ የከተማ ምክር ቤት ሕንፃዎች ሥራ የፈቱት በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1974 የአካባቢ አስተዳደር ተሐድሶ ትንንሾቹን ምክር ቤቶች አፍርሶ በትልልቅ ወረዳዎች ሲጠቀልላቸው፣ ኋላም ከ2010 ወዲህ ማዕከላዊው መንግሥት በጀት ሲቀንስና ሠራተኛው ሲመናመን። ሥራው ሲሄድ ድንጋዩ፣ አዳራሹና የሚያፈሰው ጣሪያ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ጥቂት ነው፤ መሸጥ፣ ማፍረስ፣ ዘግቶ ማስቀመጥ፣ ወይም ክፍሎቹን ለአካባቢው ነጋዴዎችና ባለሙያዎች የሥራ ቦታ አድርጎ ማከራየት። ይህ የመጨረሻው መንገድ እየተለመደ መጥቷል፤ የሚያስነሣው ጥያቄ ግን ከጥገና ወጪና ከኪራይ ተመን ያልፋል። ለሁሉም የተሠራ ቤት ለጥቂቶች እንጀራ መጋገሪያ ሲሆን የሁሉም መሆኑ ይቀራል ወይ?

የአገሪቱ ሕግ ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ የገበያ መልስ ነው። የ1972 የአካባቢ አስተዳደር አዋጅ አንቀጽ 123 ምክር ቤቶች መሬትና ሕንፃ ሲያስተላልፉ በአግባቡ ሊገኝ የሚችለውን የተሻለ ዋጋ እንዲያገኙ ያስገድዳል፤ ከሰባት ዓመት የማይበልጥ ኪራይ ከዚህ ነፃ ነው። በ2003 የወጣ አጠቃላይ ፈቃድ ደግሞ ዝውውሩ ለአካባቢው ኑሮ የሚበጅ ከሆነ እስከ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ድረስ ከዋጋው ዝቅ ብሎ ማስተላለፍን ይፈቅዳል። ሕጉ በዋጋ የማይለካ ጥቅም እንዳለ ካመነ በኋላ ለዚያው ጥቅም የዋጋ ጣሪያ ማበጀቱ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

የሮማ ሕግ አዋቂዎች ነገሩን ከሌላ ጎን ይይዙታል። ማርክያኖስ እንዳስቀመጠው ቲያትርና ስታዲየም የከተማይቱ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ነዋሪ ድርሻ ተደምሮ የተገኙ አይደሉም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። ነዋሪው ድርሻዬን ቆርሳችሁ ስጡኝ ማለት አይችልም፤ በተመሳሳይ ምክንያት የዛሬዎቹ ነዋሪዎች ሁሉ ቢስማሙ እንኳ የከተማይቱን ነገር ተከፋፍለው መጨረስ አይገባቸውም። ከተማ ዛሬ በውስጧ ከሚኖሩት ሰዎች በዕድሜ ትበልጣለች።

ለሥራ ቦታው ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚቀርበው አሪስቶትል በፖለቲካ መጽሐፉ የጀመረው፣ ቶማስ አኩዊናስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያበለጸገው ሐሳብ ነው። ቶማስ ሰው ከውጫዊ ሀብት ጋር ያለውን ግንኙነት ለሁለት ይከፍላል። አንደኛው ማስተዳደር ነው፤ ይህ በግለሰብ እጅ ቢሆን ይሻላል ይላል፣ ሰው ለራሱ ጉዳይ ስለሚተጋና የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ስለማይሆን። ሁለተኛው መጠቀም ነው፤ በዚህ በኩል ሰው ያለውን እንደ ጋራ ቆጥሮ ለተቸገረ ለማካፈል ዝግጁ መሆን አለበት። በዚህ ዓይን ሲታይ ሰዓት ጠጋኝ ወይም የሒሳብ ባለሙያ በቀድሞው የግብር ክፍል ተቀምጦ ለራሱ መሥራቱ በራሱ ነውር የለበትም። መታየት ያለበት ከእርሱ ሥራ የተገኘው ኪራይ ለማን እንደሚውልና በሩ ለማን እንደሚከፈት ነው።

የዋጋን ነገር በተመለከተ የናቡቴ ታሪክ ከማንኛውም የሕግ ሐተታ በላይ ይናገራል። በ1ኛ ነገሥት 21 ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ወደ አትክልት ቦታ ለመለወጥ ፈለገ፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ሙሉ ዋጋውን ሊሰጠውም ተስማማ። በአንቀጽ 123 መለኪያ አክዓብ እንከን አይወጣለትም ነበር። ናቡቴ እምቢ ያለው የአባቶቹ ርስት ስለነበር ነው፤ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው እንጂ የሚለውጠው አልነበረም። የዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ሕግም በዚሁ መንፈስ መሬት ለዘለዓለም እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የሚሸጠው እስከ ኢዮቤልዩ ያለው የመከር ብዛት ነው። ይህ በዛሬ ቋንቋ የኪራይ ውል ነው። እርግጥ ያው ምዕራፍ በቅጥር ከተማ ውስጥ ያለውን ቤት ከኢዮቤልዩ ያወጣዋል፤ በዓመት ውስጥ ካልተዋጀ ለገዢው ይጸናል። በፊደሉ ከሄዱ ማዘጋጃ ቤት የሚመደበው ከዚህኛው ነው።

የናቡቴን አቋም የሚገዳደር ጠንካራ ሐሳብ አለ። ቶማስ ጀፈርሰን በ1789 ለጄምስ ማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ ምድር የሕያዋን መጠቀሚያ እንደሆነችና ሙታን በላይዋ ሥልጣን እንደሌላቸው ተከራክሯል። ኤድመንድ በርክ በዓመቱ ማኅበረሰብን በሙታን፣ በሕያዋንና ገና ባልተወለዱት መካከል ያለ ሽርክና አድርጎ ሣለ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ ተቃራኒ ይጠቀሳሉ፤ በሕንፃ ጉዳይ ግን ልዩነታቸው ይጠባል። በመጠቀም መብት የያዘ ሰው ፍሬውን ይበላል፣ ዋናውን ግን አያጠፋም፤ ስለዚህ የጀፈርሰን ሕያዋን የቀድሞውን የስብሰባ ክፍል ቢሮ ማድረግ ይችላሉ፣ የሚቀጥለው ትውልድ የራሱን ምርጫ እንዳይመርጥ አድርገው መሸጥ ግን ያስቸግራቸዋል።

የለንደን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከቴምዝ ዳር ያለው ካውንቲ ሆል በ1922 ተመርቆ የከተማይቱ አስተዳደር መቀመጫ ሆነ። የታላቋ ለንደን ምክር ቤት በ1986 ሲፈርስ ሕንፃው ትርፍ ተባለ፤ በ1990ዎቹ ለአንድ የጃፓን ኩባንያ ተሸጦ የሆቴልና የዓሣ ትርዒት ቤት ሆነ። ለንደን በ2000 እንደገና የራሷን አስተዳደር ስታገኝ የምትመለስበት ቤት አልነበራትም። አዲሱ አስተዳደር በሌላ ባለንብረት ሕንፃ በኪራይ ተቀመጠ፤ ኪራዩ ሲከብደውም ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ምሥራቁ የመርከብ ወደብ ሰፈር ተዛወረ።

በምዕራብ ዮርክሸር ያለችው ሄብደን ብሪጅ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። በጥጥ ጨርቅና በልብስ ስፌት ያደገች ትንሽ ከተማ ናት፤ ማዘጋጃ ቤቷ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከወንዝ ዳር ተሠራ። በ1974 ሥልጣኑ ወደ ካልደርዴል ወረዳ ምክር ቤት ሲዛወር ሕንፃው የሌላ መሥሪያ ቤት ንብረት ሆነ፤ በ2010 አንድ የነዋሪዎች በጎ አድራጎት ማኅበር በረጅም ዘመን ኪራይ ተረከበው። ማኅበሩ አዲስ ክንፍ አስጨምሮ ለትንንሽ ድርጅቶች ቢሮ አደረገው፤ አዳራሹ ለስብሰባና ለሠርግ ይከራያል። በታኅሣሥ 2015 ጎርፍ ሸለቆውን ሲያጥለቀልቀው ሕንፃው የርዳታ ማስተባበሪያ ሆነ። የቢሮ ተከራዮች የሚከፍሉት ገንዘብ መብራቱንና ጣሪያውን ባይችል ኖሮ ያን ዕለት የሚከፈት በር ማግኘቱ ያጠራጥር ነበር። የቶማስ አኩዊናስ ክፍፍል በተግባር ይህን ይመስላል።

ይህ ሁሉ ሲባል አሠራሩ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ሙሉ ኪራይ የሚከፍል ባለሱቅ በግብሩ የተፎካካሪውን ኪራይ እየደጎመ ሊሆን ይችላል። የተቀነሰው ኪራይ ለጀማሪዎች ብቻ፣ ለተወሰነ ዘመንና በግልጽ ወረፋ ካልተሰጠ ቅሬታው ትክክል ነው። ምክር ቤቶችም አንዳንዴ ልግስና በሚመስል መልክ ሸክም ያራግፋሉ፤ የበሰበሰ ጣሪያ ለበጎ ፈቃደኞች ማስረከብ ዕዳ ማውረስ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በሒሳብ መዝገብ የማይታየው ነው። ለአቤቱታ፣ ግብር ለመክፈል ወይም የሞተ ዘመድ ለማስመዝገብ የሚመጣ ሰው በማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ምን ፈለግህ ሳይባል የመቆም መብት ነበረው። ያው ደጃፍ በኤሌክትሮኒክ ካርድ ብቻ የሚከፈት መስተዋት ከሆነ፣ ባለቤትነቱ በወረቀት የሕዝብ ሆኖ ቢቀር እንኳ ሰውየው እንግዳ ሆኗል። ስለዚህ አንድ የሕዝብ አዳራሽና ማንም የሚቀመጥበት ወለል ማስቀረት የሕንፃ ንድፍ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ቤቱ የሁሉም ሆኖ መቆየቱ ራሱ በዚህ ላይ ያርፋል።

የሚቀረው እንዲህ ያለ ሕንፃ የተረከበ ማኅበር የፍጻሜው ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ ሕግ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲፈርስ ንብረቱ ለአባላቱ አይከፋፈልም፤ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ይተላለፋል። በኪራይ የተያዘ ሕንፃ ደግሞ እንደ ውሉ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል፤ ምክር ቤቱም ያን ጊዜ ሕንፃውን ለምን እንደሚያውለው እንደ አዲስ ይወስናል።