ከመንጃ ፈቃዱ በፊት አማናው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ወንድም በመስጊዱ ግቢ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ የልጆች አባት ነው። መርካቶ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ልብስ በመስፋት ቤተሰቡን ሲያስተዳድር ኖሯል። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ከውጭ በርካሽ እየገባ ገበያውን ሲሞላው ደንበኞቹ እየሳሱ ሄዱ፤ የሱቁ ኪራይ ግን ከዓመት ዓመት ጨመረ። ከባለቤቱ ጋር ተመካከረ፤ ኢስቲኻራ ሰገደ፤ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቹ አንዷን ሸጦ የደረቅ ጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ማሠልጠኛ ገባ።

የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ። በተግባር ፈተናው ግን ወደቀ። ዳገት ላይ አቁሞ ሲያስነሣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀውና ሞተሩ ጠፋ፤ ከባዱ መኪናም ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ወደ ኋላ ነድቶ እንዲያቆም ሲታዘዝ ደግሞ የኋላው ጎማ የተተከለውን ምልክት ገጨ። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ጻፈና «ጋሼ፣ ይውረዱ» አለው። ተራቸውን ቆመው ይጠብቁ የነበሩት በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ።

«ኡስታዝ፣ የጎዳኝ መውደቄ አይደለም። ቤት ገብቼ ለልጆቼ ምን እላለሁ?» አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ጨመረ። ከፈተናው ሜዳ ሲወጣ አንድ ደላላ ቀርቦት ነበር። ገንዘብ ከከፈለ ዳግመኛ መኪና ላይ ሳይወጣ መንጃ ፈቃዱ እጁ እንደሚገባለት ነግሮታል። «የቀረችዋን የስፌት መኪና ብሸጣት ይበቃል። ምን ይመክሩኛል?»

በዚያን ቀን የቻልኩትን ያህል መለስኩለት። ነገር ግን ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን የአባቱን ሙያ ትቶ፣ ወይም በወጣትነቱ የተማረው ሥራ አላዋጣ ብሎት፣ በጎልማሳነቱ እንደ ተማሪ ከወንበር ላይ የሚቀመጥ ሙስሊም ብዙ ነው። ስለዚህ መልሱን በጽሑፍ ለሁላችንም ማካፈል ወደድኩ።

ሪዝቅ በአንድ ሙያ አልታሰረም

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሙያን መለወጥ ነውር አለመሆኑ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በልጅነታቸው የመካን ሰዎች በጎች ጠብቀዋል፤ ካደጉ በኋላ ደግሞ የኸዲጃን (ረ.ዐ.) ንግድ ይዘው ወደ ሻም ተጉዘዋል። ሪዛቅ የሆነው አላህ እንጂ መርፌው ወይም መሪው አይደለም።

የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ እናስታውስ። ሱረቱል ቀሶስ እንደሚተርክልን፣ በፊርዐውን ቤት ያደጉት ሙሳ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ቤትም፣ ዘመድም፣ ሥራም አልነበራቸውም። ውኃው ዘንድ እረኞች ሲሻሙ፣ ሁለት ሴቶች ከብቶቻቸውን ይዘው ከዳር ቆመው አዩ። ለእነርሱ አጠጡላቸውና ወደ ጥላው ሄዱ፤ በዚያም ጌታቸው ለሚያወርድላቸው ማንኛውም መልካም ነገር ድሃ መሆናቸውን ገልጸው ለመኑት። በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ስምንት ወይም ዐሥር ዓመት ከብት ለመጠበቅ ተዋዋለ። ሙሳ በዚህ አላፈሩም፤ አላህም ክብራቸውን አልቀነሰባቸውም። ከዚያ ዘመን በኋላ ነው ለመልእክተኝነት የተጠሩት።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ! በአርባ ዓመትህ ከልጆች ጋር ተሰልፈህ መፈተንህ አያሳፍርህ። የሚያሳፍረው እጅን አጣጥፎ የሰው እጅ መጠበቅ ነው።

ሁለቱ መመዘኛዎች

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ አባቷ ሙሳን እንዲቀጥራቸው ስትመክር ሁለት መመዘኛዎችን ጠቀሰች፤ እነርሱም ጥንካሬና ታማኝነት ናቸው። በቁርኣኑ አነጋገር «ቀዊ» እና «አሚን» መሆን ማለት ነው። ለሥራ ሰው ሲመረጥ ዑለሞቻችን ደጋግመው የሚመለሱት ወደነዚህ ሁለት ቃላት ነው። ጥንካሬ ማለት የክንድ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሥራውን መቻል ነው። ታማኝነት ማለት ደግሞ ማንም ባያይህም በተሰጠህ አደራ ላይ አላህን መፍራት ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ሜዳ እንመለስ። ፈታኙ የመዘነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፍሪሲዮኑንና ነዳጁን አስማምቶ ዳገት ላይ ማስነሣት፣ በስፖኪዮ እያዩ ወደ ኋላ መንዳት፣ ማርሽን በጊዜው መቀየር፤ እነዚህ ሁሉ በልምምድ የሚገኙ ናቸው። ዛሬ የጎደለው ነገ ይሞላል። ሁለተኛውን መመዘኛ ግን ያ ፈታኝ ሊመዝነው አይችልም። የእርሱ ፈተና የጀመረው ወንድማችን ከሜዳው ሲወጣና ደላላው ሲቀርበው ነው። በመጀመሪያው የወደቀ ተመልሶ ይፈተናል። አማናውን የሸጠ ግን የትኛው ቢሮ ሄዶ ዳግም ይመዘገባል? በር ያለው የተውባ በር ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በሰው ደም ከመነካካት በፊት ቢገባበት ይሻላል።

ይህን ማለቴ ለማስፈራራት አይደለም። የዓባይን በረሃ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ፣ ጥምዝምዝ የበዛበት መንገድ ነው። ጭነት የሞላው መኪና እዚያ ላይ በእግር ፍሬን ብቻ ሊያዝ አይችልም። ፍሬኑ ደጋግሞ ሲረገጥ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ መያዝ አለበት። ይህን በወረቀት ላይ በተገዛ ፈቃድ ማንም አያውቀውም። በፈተናው ዕለት መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ከኋላው የነበረው ባዶ ሜዳ ነበር። በመንገድ ላይ ቢሆን ግን ከኋላው የሚቆመው ሕዝብ የጫነ ሚኒባስ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ ማጥፋትን የሰውን ልጅ ሁሉ እንደማጥፋት አድርጎ ያየበትን ክብደት እናስብ። አውቆ ያልገደለ ሰው እንደ ገዳይ አይቆጠር ይሆናል፤ ነገር ግን እንደማይችል እያወቀ መሪ የጨበጠ ሰው «አላወቅሁም ነበር» ለማለት ምን ምክንያት አለው?

በሱረቱል በቀራም የሰዎችን ገንዘብ ያለ አግባብ ከመብላትና ያንን ለማድረግ ገንዘብን ወደ ባለ ሥልጣን ከማቅረብ ተከልክለናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም መርገማቸው በሐዲስ ተዘግቧል። አንዳንዱ ሰው «መብቴን ለማስከበር ነው የምሰጠው» ይላል። መብቱን በግፍ የተነጠቀ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እርሱን ለዑለሞች እናቅርበው። የእኛ ወንድም ግን ጎማው ምልክቱን መግጨቱን በገዛ ዓይኑ በስፖኪዮ አይቶታል። ያልቻሉት ነገር የምስክር ወረቀት መብት አይደለም።

ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ የተከመረ እህል አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ከክምሩ ውስጥ አስገብተው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናገሩ። የተገዛ መንጃ ፈቃድ እንደዚያ ክምር ነው። ከላይ ደረቅ ነው፤ ማኅተሙም ፎቶግራፉም የተሟላ ነው። እርጥቡ ከሥር ነው። ባለ ንብረቱ መኪናውን የሚሰጠው፣ ነጋዴው ጭነቱን የሚያስረክበው፣ ረዳቱም ነፍሱን አምኖ ከጎን የሚቀመጠው ላዩን አይቶ ነው።

ከደጃፍ መመለስ

መውደቁን በተመለከተ ደግሞ ከሑደይቢያ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 1,400 ያህል ሶሓቦችን አስከትለው፣ ኢሕራም አድርገውና የሚታረዱ እንስሳትን ነድተው ለዑምራ ወጡ። መካ ደጃፍ ሲደርሱ ቁረይሾች ከለከሏቸው። በተደረገው ስምምነት መሠረት በዚያ ዓመት ካዕባን ሳያዩ ሊመለሱ ሆነ። ነገሩ ለሶሓቦች እጅግ ከበዳቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) እንኳ ልባቸው አልቀበል ብሏቸው እየተመላለሱ ጠይቀዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎቹ እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ ሲያዟቸው ከሐዘን ብዛት የተነሣ ማንም ሳይነሣ ቀረ።

በዚያች ሰዓት የመከሩት ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው። ነቢዩ ወጥተው ማንንም ሳያናግሩ የራሳቸውን እንስሳ እንዲያርዱና እንዲላጩ አሳሰቧቸው። እርሳቸውም ይህንኑ አደረጉ፤ ሶሓቦችም ተነሥተው ተከተሏቸው። በመመለሻው መንገድ ላይ ሱረቱል ፈትሕ ወረደች፤ ያንን ከደጃፍ መመለስ አላህ ግልጽ ድል አለው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራም ገብተው ዑምራቸውን ፈጸሙ።

የእነርሱ ጉዳይ ከእኛ ጉዳይ ጋር በክብር የሚነጻጸር አይደለም። ትምህርቱ ግን ለእኛ ነው። ከደጃፍ የተመለሰ ሁሉ የተባረረ አይደለም። በአጥር ዘሎ ለመግባት ያልሞከረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በበሩ ይገባል። ቤት ውስጥ ያሉ ሚስቶችም ከኡሙ ሰለማ ይማሩ። ባል አንገቱን ደፍቶ ሲገባ «ድሮም ብዬህ ነበር» ማለት አይጠቅመውም። ቀጥሎ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ነገር ማመላከት ግን ያነሣዋል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» የሚለውን ቁዘማ እንተው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚጠቅመንን እንድንጥር፣ በአላህ እንድንታገዝና እንዳንሰንፍ ካስተማሩ በኋላ፣ አንድ ነገር ሲደርስብን ይህ ንግግር ለሸይጧን ሥራ በር እንደሚከፍት አስጠንቅቀውናል። ይህ ማለት ግን ስህተትን አለመመርመር አይደለም። «ምነው ሱቄን ባልተውኩ» ማለት ቁዘማ ነው። «ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄዋለሁ» ማለት ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ሌሊቱን ያስነጋል፤ ሁለተኛው ጠዋት ወደ ልምምድ ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ የወደቅንበትን ነጥብ ፈታኙንም አሠልጣኙንም በአክብሮት ጠይቀን በወረቀት እንያዘው። በጀማዓችን ውስጥ በጅቡቲ መስመር ዓመታት የቆዩ ሾፌሮች አሉ። ከዒሻ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጦ መጠየቅ ሹራ ነው፤ ውርደት አይደለም። እነርሱም ያወቁትን አይሰስቱ።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ሥራ እስኪጸና ድረስ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አንጣል። የቀረችው የስፌት መኪና ለልጆች የዕለት ጉርስ ናት፤ ለደላላ የምትሰጥ አይደለችም።

አራተኛ፣ ለልጆቻችን እውነቱን እንንገራቸው። አባት «ወድቄያለሁ፤ እንደገና እማራለሁ» ሲል የሰማ ልጅ፣ በትምህርት ቤት በወደቀ ቀን ከሌላው ልጅ መኮረጅን መፍትሔ አያደርግም። ሐላል ጉርሻ የሚባለው እንጀራው ብቻ አይደለም፤ የተገኘበት መንገድም አብሮ ይጎረሳል።

አምስተኛ፣ ደጋግመን ሞክረን ካልሆነልን ያንንም እንቀበል። አላህ በሱረቱል በቀራ እንዳስተማረን የምንጠላው ነገር ለእኛ መልካም ሊሆን ይችላል፤ የምንወደውም እንዲሁ ሊጎዳን ይችላል። ኢስቲኻራ የሰገደ ሰው መልሱ ሁልጊዜ «ይሁን» ብቻ እንዲሆን መጠበቅ የለበትም።

በፈታኝነት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ ወንድሞችም አንድ ቃል አለን። የምትፈርሙበት ወረቀት ምስክርነት ነው። ያልቻለውን ችሏል ማለት፣ የቻለውንም ገንዘብ እስኪያመጣ ማንገላታት፣ ሁለቱም በቂያማ ቀን የሚያስጠይቁ ናቸው።

ያ ወንድማችን የስፌት መኪናዋን አልሸጣትም። ጠዋት ልምምድ ይሄዳል፤ ከዐስር እስከ ማታ ይሰፋል። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ለሁለተኛው ፈተና ገና ተራውን እየጠበቀ ነው። ማለፍ አለማለፉን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ከሁለቱ መመዘኛዎች በአንደኛው ግን እንደ እኔ ግምት አልፏል።

አላህ (ሱ.ወ.) ቀዊና አሚን ያድርገን። ሐላሉን ሪዝቅ በሐላል መንገድ ይስጠን። በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ ወደ ቤተሰቦቻቸው በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።