ጎማና ያልተጠየቀው ሰው

የግብረገብ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ወደ ትልልቁ ጉዳይ እንሮጣለን። ወደ ጦርነት፣ ወደ ፍትሕ፣ ወደ ሞት ቅጣት። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ መኪና ጎማ ነው፤ ያውም በቅንጡ የስፖርት መኪና ላይ ስለሚገባው ውድ ጎማ። አንባቢዬ ፈገግ ቢሉ አልቀየምም። ለመሆኑ ባለገንዘብ ለመኪናው ጎማ ሲመርጥ ከኪሱና ከደስታው በቀር የሚጠየቅበት ሌላ ነገር አለ ወይ?

ጥያቄውን ያመጣብኝ ሲያትል የሚኖር አብሮ አደጌ ነው። ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራች ፖርሽ 911 ካሬራ ኤስ ገዝቷል። ሁለተኛ እጅ ናት፤ ቢሆንም ፖርሽ መቼም ፖርሽ ናት። የቀድሞው ባለቤት ከጋራዥ እምብዛም ስላላወጣት የጎማዎቿ ጥርስ ገና አልተበላም። ይሁንና በጎማ ጎን ላይ የምትታተም አራት አሃዝ አለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ ሲያይ 2212 አለች። በ2012 ሃያ ሁለተኛው ሳምንት ማለት ነው። «ስማ እንጂ፣ ጥርሱ እንዲህ ሙሉ ሆኖ ሳለ ልጣለው? አንተ ፍረደኝ» አለኝ በስልክ።

እዚህ ላይ ስለ ጎማ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መኪና የሚቆመው በፍሬን ይመስለዋል። ፍሬን የሚያቆመው እግሩን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ነው። ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት፣ ያ ሁሉ ውበት መሬትን የሚነካው እያንዳንዳቸው ከእጅ መዳፍ እምብዛም በማይበልጡ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። አየሩና ሙቀቱ ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መያዣው ይሞታል። ስለዚህም ነው አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ጎማ ከስድስት ዓመት በኋላ ይቀየር የሚሉት።

«ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» በተባሉት ፊልሞች የምናውቀው ፖል ዎከር እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሞት የተሳፈረበት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ነበር። መኪናውን የሚነዳው ወዳጁም አብሮት ሞቷል። መርማሪዎች በ2014 ባወጡት ውጤት ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው አሉ፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት መንገድ ላይ ከ129 እስከ 150 ይሄድ ነበር። ጎማዎቹ ግን ዕድሜያቸው ከዘጠኝ ዓመት በላይ እንደነበር አብረው መዝግበዋል። በዚያ ሁሉ ገንዘብ በተገዛ መኪና ላይ!

አርስቶትል «ኒቆማኪያዊ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ትልቅ ወጪን በአግባቡ ስለሚያወጣ ሰው ይናገራል። የዚህ ሰው ተቃራኒ የሆነው ቋጣሪ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ሲያበቃ በጥቂት ነገር የሥራውን ውበት ያበላሻል ይላል። ፖርሽ ገዝቶ በጎማ የሚቆጥብ ሰው እነሆ! ሆኖም ይህ ለእኔ አይበቃኝም። አርስቶትል የሚያዝነው ለተበላሸው ውበት ነው። ከመኪናው ፊት ለፊት መንገድ ሲያቋርጥ ያለው ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። የመኪናው ቀለም ቀይ ይሁን ብር የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ያ እግረኛ ግን የማንንም ጎማ አልመረጠም፤ የጠየቀውም የለም።

እርግጥ የእኛን ከተማ የታክሲ ሾፌር አውቃለሁ። ጎማው ልጥ እስኪሆን ሲነዳ አይቼዋለሁ። የእሱ ችግር ዳቦ ነው፤ ከእግረኛው ጋር ያለው ሒሳብ ባይሰረዝለትም ፍርዱ ይቀልለታል። ወዳጄ ግን ሳይቸግረው ነው።

አሮጌው ጎማ እንደሚወልቅ ከተስማማን በኋላ ሁለተኛው ክርክር ተጀመረ። መኪናዋ ከፊት ስፋቱ 235፣ ከኋላ 295 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 19 ኢንች ጎማ ትፈልጋለች። ፖርሽ ራሱ ፈትኖ የተቀበላቸው ጎማዎች ጎናቸው ላይ «ኤን» የምትል ምልክትና ቁጥር አለባቸው፤ ዋጋቸውም እንደ ስማቸው ነው። ልኩ ልክክ የሚል ርካሽ ጎማም ገበያ ላይ አለ። «በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ አላውቅም፤ ያው የፍጥነት ፊደል ተጽፎበት ሳለ ለምን እከስራለሁ?» አለኝ።

ፊደሉን አንብቦ ትርጉሙን ዘለለው። «ደብልዩ» እስከ 270፣ «ዋይ» እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው፤ ጎማው ያንን ፍጥነት ይችላል ማለት ነው እንጂ እርጥብ አስፋልት ላይ በስንት ሜትር እንደሚቆም አይናገርም። በአውሮፓ ሕብረት እ.ኤ.አ. በ2012 የጎማ ደረጃ መለያ ሲጀመር፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ በእርጥብ መንገድ በአንደኛውና በመጨረሻው ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 18 ሜትር ገደማ እንደሚደርስ ተነግሮ ነበር። መቶም ሳይሞላ ማለት ነው። አሥራ ስምንት ሜትር የእግረኛ ማቋረጫን ከነሕዝቡ ይውጣል።

ታዲያ ውዱን ግዛ ብሎ መገላገል ነው? አይደለም። በጣም ውዱ ለውድድር ሜዳ የተሠራው ነው፤ ሲያትል ግን ክረምቷ ዝናብና ብርድ ነው። የበጋ ጎማ ከሰባት ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ የውድድሩ ደግሞ ይብሳል፣ ጥርሱም ጥልቅ ስላልሆነ ውኃ በደንብ አይገፋም። ስለዚህ «ምርጥ» የሚባለው ነገር አንድ መሰላል የለውም። በደረቅ አንደኛ የሆነው በእርጥብ ሦስተኛ ይሆናል። ብዙ የከፈለ ሰው ለሌሎች አስቧል ማለት አይቻልም፤ ምናልባት ያሰበው ስለ ስሙ ብቻ ነው። የእኔ ሐሳብ ጥሩ የበጋ ጎማ አግብቶ መኪናዋን በብርዱ ወራት ያቁማት የሚል ነበር። እሱ ለሁሉም ወቅት የሚሆነውን አለ። «ቆማ ልያት እንዴ የገዛኋት?» አለኝ። አልተስማማንም።

ሦስተኛው ነገር ሁለታችንንም ዝም ያሰኘን ነው። በሲያትል አካባቢ ጅረቶች ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዓሣ በልግ ላይ ከባሕር ወደ ወንዝ እየወጣ እንቁላሉን ይጥላል። ለብዙ ዓመታት ከዝናብ በኋላ ዓሦቹ እንቁላላቸውን ሳይጥሉ በሰዓታት ውስጥ ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱም አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የዋሽንግተን ግዛት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ገዳዩን ይፋ አደረጉት። ጎማ እንዳይሰነጠቅ «ሲክስ ፒፒዲ» የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ከአየሩ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ መርዝ ይለወጣል፤ ጎማው መንገድ ላይ ሲፋቅ ብናኙ በዝናብ ታጥቦ ጅረት ይገባል። በ2023 ሦስት የነባር ሕዝቦች ነገዶች ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አቅርበው ጥያቄያቸው በዚያው ዓመት ተቀባይነት አግኝቷል።

ዓሣውም አልተጠየቀም። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ይህ መርዝ የሚወጣው የጎማውን ዕድሜ ከሚጠብቀው ከዚያው ኬሚካል መሆኑ ነው። አውጥተን ብንጥለው ጎማው ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ዕዳው ወደዚያ መንገድ አቋራጭ ይመለሳል። ለስላሳው ጎማ መንገዱን አጥብቆ ቢይዝም ቶሎ ይፋቃል፤ ጠንካራው ብዙ ይቆያል እንጂ ይንሸራተታል። ለእግረኛው የሚበጀው ለዓሣው አይበጅም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እሺ፣ ታዲያ ዓሣውን የማይገድለው የትኛው ነው?» አለኝ። ኬሚካሉ የሌለበትን ጎማ ከጎማ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ፈልጎ እንደማያገኝ ነገርኩት። ዓሣውን የሚጠቅመው በእጁ ያለው ነገር በዓመት የሚነዳው የኪሎ ሜትር ብዛት ብቻ እንደሆነ ስጨምርለት፣ እናቴ ደህና መሆኗን ጠየቀኝ።