ለቲማቲሙ ድጋፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ የቲማቲም ፍትፍት የማይቀርብበት ቤት ጥቂት ነው። ጠባዩን ግን ልብ ብለነው እናውቃለን? ግንዱ ለስላሳ ነው፤ ፍሬው ሲከብድ ብቻውን አይቆምም። መሬት ላይ ከተጋደመ እርጥበቱ ቅጠሉን ያሳምመዋል፣ ፍሬውም ይበሰብሳል። ስለዚህ በጓሮው የሚተክል ሰው ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ያቆምለታል። እንጨቱ የሚተከለው ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ ነው፤ ሥሩ ከተንሰራፋ በኋላ ከሆነ ሥር ይቆርጣል። ማሰሪያው ቅዳጅ ጨርቅ ይሁን፤ በግንዱና በእንጨቱ መካከል እንደ 8 ቁጥር ዞሮ ላላ ብሎ ይታሰራል። ከጠበቀ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል።

ይህን የምለው ስለ ልጆቻችን ነው። ልጁ 20 ዓመት ሞልቶት ሱስ ከለመደ በኋላ የንስሐ አባት ፍለጋ እንሮጣለን። በልጅነቱስ የት ነበርን? አንዳንዶቻችን ደግሞ በጾም ስም በቁጣና በእርግማን አጥብቀን እናስረዋለን (እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው)፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጠላ ብለን እናለቅሳለን።

እዚህ ልደታ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ብዙ ሰው ከጎረቤቱ፣ ከማኅበሩ፣ ከንስሐ አባቱ ተራርቋል። ፍሬ የያዘ ቲማቲም ድጋፉ ሲነቀል ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። እስቲ ዛሬ ከቅዳሴ ስትወጡ ለራቃችሁ ጎረቤት ስልክ ደውሉ። አዲስ የገባውንም በሩን አንኳኩ። በረንዳዋ ላይ በባልዲ ቲማቲም ለተከለችው እናትም እንጨት ይዛችሁላት ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።