ሕመሙን የሚሸሽግ ሯጭ ለማኅበሩ የታመነ ነውን?

በአሜሪካ አገር በየዓመቱ በነሐሴ ወር መጨረሻ ገደማ ብዙ ወጣቶች ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ወደ ኮሌጅ ይገባሉ። ከእነርሱም ጥቂቶቹን የሚጠብቃቸው የመጽሐፍ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የረጅም ርቀት ሯጮች ማኅበር ጭምር ነው። ለእነዚህ ጀማሪዎች የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው፤ በጊዜ ተኛ፥ ማልደህ ተነሣ፥ ትምህርትህን አትበድል፥ ታላላቆችህን አክብር ይባላሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፥ ነገር ግን አስተዋይ ልጅ ያለ መካሪም ሊደርስበት ይችላል። መካሪ የሚያስፈልገው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጀማሪው እግሩን ያመመው እንደ ሆነ፥ ሕመሙን ሸሽጎ ስለ ማኅበሩ መሮጡ ታማኝነት ነውን ወይስ ክዳት? የሚለው ነው።

የጥያቄው ክብደት የሚታወቀው የውድድሩ ሥርዓት ሲታወቅ ነው። አገር አቋራጭ በሚባለው ሩጫ ከአንድ ኮሌጅ 7 ሯጮች ይሰለፋሉ፤ ከእነርሱም ቀድመው የደረሱት የ5ቱ ተራ ቍጥር ተደምሮ፥ ድምሩ ያነሰው ኮሌጅ አሸናፊ ይሆናል። አንድ ኮሌጅ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያለውን ተራ ብቻውን ቢይዝ ድምሩ 15 ነው፤ ከዚያ የሚያንስ አይገኝም። 6ኛውና 7ኛው ከድምሩ አይገቡም፥ ነገር ግን የሌላውን ኮሌጅ ሯጮች ቢቀድሙ የእነዚያን ቍጥር ከፍ ያደርጉታል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ስሙ የተጠራው ፊተኛ ሯጭ አንድ ሰው ቢቀድም የሚያተርፈው፥ በመካከል ባለው ትርምስ ውስጥ ማንም ሳያየው አንድ ሰው ከሚቀድመው ከ5ኛው ሯጭ ትርፍ አይበልጥም።

ይህም በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም። የኮሌጆቹ ብሔራዊ የአገር አቋራጭ ውድድር በ1938 ዓ. ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሚሺጋን ግዛት በኢስት ላንሲንግ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ተቀራራቢ ውድድር ታይቷል፤ በኅዳር ወር 2022 ዓ. ም. በኦክላሆማ ግዛት በስቲልዋተር የታየው ግን የሚያስገርም ነው። የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲና የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም በ83 ነጥብ እኩል ሆኑ። ዳኞቹም የሁለቱን ወገን 5 ሯጮች አንዱን ከአንዱ ጋር በየተራው ቢያመዛዝኑ፥ ሰሜን አሪዞና በ3ቱ በልጦ ስለ ተገኘ ድሉ ለእርሱ ሆነ። ከእነዚያ 10 ሯጮች ማንኛውም አንድ ሰው ጨምሮ ቢቀድም ኖሮ እኩልነቱ ባልኖረም ነበር።

እንግዲህ ይህን የሚያውቅ የ18 ዓመት ልጅ የጭን ወይም የቅልጥም አጥንቱ ቢያመው ምን ያስባል? «ባልንጀሮቼ ሁሉ በእኔ አንዲት ተራ ይጠቀማሉ ወይም ይጐዳሉ፤ ሕመሙ የእኔ ነው፥ ለእነርሱ ብሰጠው ማንን በደልሁ?» ይላል። ይህ ክርክር የሰነፍ ክርክር አይደለም። ራስን ስለ ወዳጅ አሳልፎ መስጠት በሕዝብ ሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ነውና፥ በዚህ አሳብ የሚሳሳት ልጅ በመልካምነቱ በኩል ይሳሳታል። ደግሞም ከመልካምነቱ ጋር ፍርሃት ይጨመርበታል፤ በ2025 ዓ. ም. በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት መሠረት፥ ስምምነቱን በተቀበሉት ኮሌጆች የአንድ አገር አቋራጭ ማኅበር ሯጮች ቍጥር ከ17 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስፍራው ጠባብ ሲሆን ታምሜአለሁ ማለት ስፍራን መልቀቅ ይመስላል።

ነገር ግን የልጁ ክርክር የቆመበት መሠረት ሕመሙ የእኔ ብቻ ነው የሚለው ነው፤ ይህም ሐሰት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሳለ የሚወዳደረው አብዛኛውን ጊዜ 5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በኮሌጅ ወንዶቹ 8፥ በታላቁም ውድድር 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፥ የሳምንቱም ልምምድ እንደዚሁ እጅግ ይበዛል። ልብና ሳንባ አዲሱን ሥራ በጥቂት ሳምንት ይለምዱታል፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጀማሪው ትንፋሹ ከታላላቆቹ ጋር እኩል ሆኖ ሲያገኘው ጸና ብሎ ይታለላል፥ አጥንቱ ግን ገና ወደ ኋላ ነው። በዚህ ጊዜ በአጥንቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል፤ ሕመሙም በአንድ ጣት ሊነካ በሚችል ስፍራ ላይ ይሰማል። ወዲያው ቢያርፍ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይድናል፤ ሸሽጎ ቢሮጥበት ግን ስንጥቁ ስብራት ሊሆን፥ ወራትም ሊፈጅ ይችላል። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ምግቡን የሚያጐድል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊቃውንት በ2014 ዓ. ም. እንደ ገለጡት፥ ከሥራው የሚያንስ ምግብ የሚመገብ ሯጭ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ አጥንቱ ይደክማል፥ የሰውነቱም ሥርዓት ይናጋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ቢጠቀስ ተገቢ ነው፥ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ምሳሌው ስለ ደባቂው ጉዳት ነው የሚያስጠነቅቀው፤ የሩጫ ማኅበር ግን ሌሎች ተጐጂዎችም አሉበት። አሠልጣኙ 7ቱን የሚመርጠው ስለ ሁሉም እውነተኛውን ነገር አውቄአለሁ ብሎ ነው። ልጁ ሲሸሽግ፥ የመምረጡን ሥልጣን ማንም ሳይሰጠው ለራሱ ወሰደ፤ ጤናማ ሆኖ ስፍራ ያጣውንም 8ኛውን ሯጭ አሳጣው። ከዚህም በላይ በመካከለኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ ቢከዳው፥ ባልንጀሮቹ ያላሰቡት ጉድለት በደረሰባቸው ጊዜ ምክንያቱን እንኳ አያውቁም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውም፥ የተበጠሰው ክር ቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ ነው።

በዚህ ላይ የሚጠቀስ አንድ ኢትዮጵያዊ ነገር አለ። በ1960 ዓ. ም. በሮማ፥ በ1964 ዓ. ም. በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፥ በ1968 ዓ. ም. በሜክሲኮ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ በእግሩ ሕመም ምክንያት አቋረጠ፤ ድሉንም ያገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው። እርግጥ ማራቶን የተራ ድምር የሌለበት ውድድር ስለ ሆነ ነገሩ ፈጽሞ አንድ ነው አይባልም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ የዓለምን አክሊል የተቀዳጀ ሰው በሕዝብ ፊት መቆሙን እንደ ነውር ሳይቈጥረው፥ በመጀመሪያው ወር ያለ ጀማሪ ለምን ይፈረው? አበበን ከሀዲ ያለው ማንም የለም።

በሌላ ወገን ደግሞ በድካም ሁሉ የሚያማርር ሯጭ አለ፤ ለእርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የረጅም ርቀት ሩጫ ግማሹ ሕመም ነውና፥ በሁለቱም እግር እኩል የሚሰማውንና ሲያሟሙቁት የሚለቀውን መቻል፥ በአንድ ስፍራ የተተከለውንና ሲሮጡበት የሚብሰውን መናገር በልምድ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

ከባዱ ፍርድ ግን የሚወድቀው በልጁ ላይ አይደለም። እውነቱን የተናገረውን ጀማሪ ፊቱን አጥቍሮ የሚቀበል፥ በማግስቱም ስሙን ከዝርዝሩ የሚፍቅ አሠልጣኝ፥ ለቀሩት ሁሉ ውሸትን አስተምሯል፤ ከዚያ በኋላ ለምን አልነገራችሁኝም ቢላቸው መልስ አይኖረውም። ለጀማሪ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይወዳደር እየተለማመደ የሚያሳልፍበት፥ የውድድሩም ዘመን የማይቈጠርበት ሥርዓት በአሜሪካ ኮሌጆች ለብዙ ጊዜ የኖረ ነው፤ ይህን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ አጥንት ማጽኛ ጊዜ አድርጎ የሚሰጥ አሠልጣኝ አለ፥ ለአንድ ውድድር ሲል የሚነፍግም አለ። በማኅበሩ ውስጥ ታላቅ የሆነው የአራተኛ ዓመት ተማሪም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም። ጀማሪው አፉን የሚከፍተው ያ ታላቅ ሰው ከልምምድ በፊት በሁሉም ፊት «ዛሬ ቋንጃዬን አሞኛልና ከኋላ እሮጣለሁ» ሲል የሰማ እንደ ሆነ ነው።