የተኳሹ ስም ቢቀየርስ?

 

ዛሬ ከአንዋር መስጂድ ሰግዳችሁ ስትወጡ፣ ወደ ሱቃችሁ ወይም ወደ ታክሲ ተራ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ አፍታ ቆም በሉ። ግንቦት 18 ቀን 2015 እዚሁ መርካቶ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በሸገር ከተማ የመስጂዶችን መፍረስ የሚቃወም ድምፅ ተሰማ። ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። በሳምንቱ ጁምዓም እንደገና ደም ፈሰሰ። አላህ ለሟቾቹ ይዘንላቸው፣ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው።

ያኔ ሁላችንም አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ የተኮሰው ማን ነው? ማንስ ይጠየቃል? ጥያቄው ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። መሣሪያ በአደራ የተሰጠው ሰው ነፍስ ካጠፋ ችሎት ፊት መቆም አለበት። ነገር ግን ይህ ጥያቄ እኛንም የሚፈትንበት በኩል አለው።

ሰኔ 23 ቀን 2011 ሰለሞን ተካ የተባለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት በእስራኤል፣ ሃይፋ አጠገብ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ትውልደ ኢትዮጵያውያን አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ዘጉ። ፖሊሱ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ። ዜናውን እዚህ የሰማን ብዙዎቻችን ወዲያው ከሟቹ ጎን ቆምን። ሙስሊም አልነበረም። ግን መልኩ የእኛ መልክ፣ ስሙ የሰፈራችን ልጅ ስም ነበር።

አሁን ስሞቹን ገልብጧቸው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 15 ቀን 2017፣ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ጀስቲን ዴመንድ የምትባል ሴት ከቤቷ ጀርባ አንዲት ሴት እየተጠቃች መሰላትና ለፖሊስ ደወለች። ፖሊሶቹ መጡ። ወደ መኪናቸው ስትጠጋ አንዱ ፖሊስ ከመኪናው ውስጥ ተኩሶ ገደላት። በእጇ መሣሪያ አልነበረም። ሌላ ሰው ይድን ብላ የጠራችው ፖሊስ ነው የገደላት። የፖሊሱ ስም መሐመድ ኑር ነው። ሶማሌ፣ ሙስሊም።

በ2019 ጥፋተኛ ተባለና 12 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። በ2021 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከባዱን ክስ ስለሻረው ቅጣቱ ወደ 57 ወር ዝቅ አለ።

በፍርዱ የተቆጡ ሶማሌዎች ነበሩ። ቁጣቸውም መነሻ ነበረው። ዴመንድ ከመሞቷ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው በሚኒሶታ ግዛት፣ ፊላንዶ ካስቲል የተባለን ጥቁር ሰው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ተኩሶ የገደለ ፖሊስ ነፃ ተብሎ ነበር። ታዲያ ሕጉ የሚሠራው ተኳሹ ጥቁርና ሙስሊም ሲሆን ብቻ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

ሸይጧን የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ግን ከጥያቄው ሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው፦ የእነሱ ነፃ ከወጣ የእኛም ይውጣ። ሁለተኛው፦ የእኛ ከተጠየቀ የእነሱም ይጠየቅ። በመጀመሪያው ሁለቱም ሟቾች ያለ ፍትህ ይቀራሉ። በሁለተኛው የሁለቱም ደም ዋጋ ያገኛል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የትኛውን እንደመረጡ እናውቃለን። ከመኽዙም ጎሣ የሆነች አንዲት ሴት በሰረቀች ጊዜ፣ የተከበረ ቤት ልጅ ናትና ቅጣቱ እንዲቀርላት ሰዎች አማላጅ ፈለጉ። ነቢዩ የሚወዱትን ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) ላኩት። ነቢዩ ተቆጡ። ከእኛ በፊት የነበሩት የጠፉት ባለ ክብሩን እየተዉ ደካማውን ስለሚቀጡ መሆኑን ተናገሩ። የገዛ ልጃቸው ፋጢማ እንኳ ብትሰርቅ ቅጣቱ እንደማይቀርላት በአላህ ማሉ።

ይኸው ኡሳማ በአንድ ዘመቻ ላይ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ ያለን ሰው ገደለ። ሰይፍ ፈርቶ ነው ያለው ብሎ አሰበ። ቦታው የጦር ሜዳ ነበር፣ ሟቹ ከጠላት ወገን ነበር፣ ገዳዩ ደግሞ የነቢዩ ተወዳጅ። እሳቸው ግን ልቡን ከፍተህ አይተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ጥያቄውን ደጋገሙበት፤ ምነው እስልምናን የተቀበልኩት ገና ዛሬ በሆነ ብሎ እስኪመኝ ድረስ። አላስገደሉትም፤ ጥያቄውን ግን አላቀለሉለትም።

አላህ በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 135 በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ በፍትህ እንድንመሰክር ያዘናል። በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8 ደግሞ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትህ እንዳያስተወን ያስጠነቅቀናል። ወንድማችን በዳይ ሲሆንስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያኔም እንድንረዳው አዘዋል፤ የምንረዳውም ከበደሉ በመከልከል ነው።

ስለዚህ የእንዲህ ያለ ችሎት ወሬ ነገ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ሦስት ነገር ያዙ።

አስተያየት ከመጻፋችሁ በፊት የተኳሹንና የሟቹን ስም፣ ሃይማኖትና ብሔር በሐሳባችሁ ቀያይሩ። ፍርዳችሁ አብሮ ከተቀየረ ጣታችሁን ሰብስቡ።

ያላጣራችሁትን ፎቶና ስም አታሰራጩ። ያልተኮሰን ሰው ገዳይ ብሎ መለጠፍም ዙልም ነው፤ የሟቹንም ሐቅ አያስመልስም።

በዓይናችሁ ያያችሁት ካለ መስክሩ። የእኛን ወገን የሚጎዳ ቢሆንም መስክሩ። ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን ቁርኣን ነግሮናል።

ከእናንተ መሃል የፖሊስ ልብስ የምትለብሱ ካላችሁ፣ ኡሳማን አስታውሱ። ፈራሁ፣ መሰለኝ የሚለውን ቃል የምድር ዳኛ ይመዝነዋል። የልባችሁን የሚያውቀው ግን አላህ ነው።

በቂያማ ቀን በሰዎች መካከል መጀመሪያ የሚታየው ጉዳይ የደም ጉዳይ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በአንዋር ደጃፍ የወደቁት፣ ሰለሞንም፣ ጀስቲንም፣ ፊላንዶም ጉዳያቸው እዚያ ይታያል። በዚያ ችሎት መዝገብ አይጠፋም፣ አማላጅ ዳኛውን አያስደልልም። እኛም ስለ እነሱ በተናገርነውና ዝም ባልነው እንጠየቃለን።

ያ አላህ! በግፍ ለተገደሉት ፍትህን፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብርን፣ ለዳኞቻችን ቀጥ ያለ ልብን ስጥ። እኛንም ለወዳጅ ከማዳላት፣ ጠላትን ከመበደል ጠብቀን። ኣሚን።

ሱረቱል ከህፍንና በነቢዩ ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ።